ፊቴ የበላው ሥጋ

አንድ ሰው ባልሄደበት ሠርግ «ሥጋ ስትቆርጥ አይተንሃል» ቢባል ምን ይመልሳል? «አልሄድኩም» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እኔም እስከዚያች ሳምንት ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሳወራ አልቸኩልም፣ የሚያውቁኝ ያውቁኛል። የዚያን ሰሞን ግን ወንበር አልቀበል ብሎኝ፣ ስነሳ ስቀመጥ፣ ከቤት በር ስወጣ ስገባ ነው የከረምኩት። ከየት እንደጀመረ ልንገራችሁ።

ስሜ ቶለሳ ይባላል። አምቦ ተወልጄ አምቦ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት ያለ ወረፋ አይሆንም፣ ወረፋም ያለ ጠብ አይሆንም። «የእኔ ጤፍ ነበር የቀደመው»፣ «ያንቺ ማሽላ ነው የእኔን ዱቄት ያጠቆረው» እየተባባሉ ሴቶቹ ሲጯጯሁ እኔ ምንም አልናገርም፤ ሞተሩን አጠፋለሁ። ሰው የሚጮኸው ሞተሩን ለመብለጥ ነው። ድንገት ጸጥ ሲል ሁሉም የገዛ ድምፁን ይሰማና ያፍራል። ያን ጊዜ ቀስ ብዬ አስታርቃቸዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳላስበው ሽማግሌ ሆንኩ። ከአምቦ እስከ ጉደር፣ አንዳንዴም እስከ ጊንጪ ድረስ ይጠሩኛል። የተማረ ሰው በሞላበት አገር እኔን የሚጠሩኝ ለምን እንደሆነ ኦቦ ፈይሳን ጠይቄው ነበር። «አንተ ያየኸውን አየሁ፣ ያላየኸውን አላየሁም ትላለህ፤ ሌላ ምን አለህ?» አለኝ። ፈይሳ ከእኔ ጋር በሽምግልና ስንት ዘመን የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው።

በዚያ ዓመት በእጃችን የነበረው ጉዳይ ከባድ ነበር። ከአምቦ ወጣ ብሎ ገጠር የሚኖር ዲንቃ የሚባል ገበሬ አለ። ለሚ የሚባለውን ሁለተኛ ልጁን በአስፋልቱ ዳር አይሱዙ ገጨውና ሞተ። ሾፌሩ ቢቂላ የሚባል የጉደር ልጅ ነው። ፍርድ ቤት የፈረደበትን ታስሮ ወጣ። ግን በእኛ ዘንድ ነፍስ ከጠፋ፣ በዱላም ይሁን በመኪና፣ ፍርድ ቤት የማይጨርሰው አንድ ነገር ይቀራል። እሱም ጉማ፣ የደም እርቁ ነው። ጉማ እስኪፈጸም ድረስ የሟችና የገዳይ ወገን ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም፤ አንድ ገበያ አይውሉም፤ መንገድ ላይ ቢተያዩ አንዱ ይታጠፋል። የቢቂላ እናት አምቦ ገበያን ካየች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ሸምጋዩም ቢሆን እስከዚያው ድረስ በገዳዩ ወገን ቤት ጨው አይቀምስም። ውሃ እንኳ ቢያቀርቡለት አመስግኖ ይመልሳል። ጨው የቀመሰ ምላስ ያደላል ይባላላ።

ዲንቃ ጋ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አትጠይቁኝ። ለልመና እርጥብ ሣር ይዘን ደጁ እንቀመጣለን፤ እሱ በሬዎቹን ነድቶ በፊታችን ያልፋል። የለሚ ታላቅ ወንድም ሁንዴ ሸነን ከተማ አስተማሪ ነው። በቀብሩ ቀን «ሽማግሌ ካልጨረሰው እኔ እጨርሰዋለሁ» ያለው ቃል ጉደር ድረስ ተሰምቷል። ቢቂላም ከእስር ከወጣ ጀምሮ ከአጎቱ ግቢ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ እኛ የምንሮጠው ሌላ ሬሳ እንዳይወድቅ ነበር። በመጨረሻ፣ አንድ ቀን፣ ዲንቃ በሬዎቹን አቁሞ ወደ እኔ ዞረና «ቶለሳ፣ አንተ መሐል ካለህ እሺ። ቅዳሜ ይሁን» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኛም ሌላ አልፈለግንም።

ያ ቅዳሜ ሊደርስ ሲል ነው፣ ረቡዕ ወደ ማታ፣ ልጄ ጫልቱ ከሥራ ስትገባ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ ያለችው። ጫልቱ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

«አባኮ፣ ዛሬ ሥራ ቦታ አንድ ነገር አሳዩኝ፤ ፊትህን አቅና» አለችና ፎቶ አነሳችኝ።

ከዚያ ፊቴን ኳስ ተጫዋች ላይ አደረገችው። እኔ፣ በቁምጣ! ጭኔ እንደ ግንድ።

«ይሄ ጉልበት የእኔ ቢሆን ኖሮ ወፍጮውን በእግሬ አዞረው ነበር» አልኳት።

ቀጥላ ሙሽራ ላይ አደረገችው። ቬሎ ለብሼ፣ ከንፈሬን ቀብቼ፣ ጺሜ እንዳለ ነው።

«ማሎ! ይቺን ማን ያገባታል?»

«ፓስተሩ ራሳቸው ይሸሻሉ» አለችና ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም ነበር።

«አሁን ደግሞ ሰው ላስመስልህ» አለች። የሠርግ ፎቶ ከሚለጥፍ አንድ የዲኮር ቤት ቴሌግራም ላይ አንድ ትልቅ ሰው አገኘች። ያማረ ቡሉኮ የደረበ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ደልደል ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ስልኩ ትንሽ አሰበ፤ መሐል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ካላያችሁ አልቀጥልም ብሎ ዘፈን አዘፈነብን፤ ከዚያ እኔ ብቅ አልኩ። የእኔው ፊት፣ የእኔው ጺም፣ በግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። ጫልቱ ፊቴን አቅርባ አቅርባ አሳየችኝና እኔም የራሴን ፊት አየሁ፤ ያማረ ቡሉኮም አየሁ። ሌላ ምንም አላየሁም።

«ለወንድምሽ ላኪለት፤ አባትህ ተለወጠ በይው» አልኳት።

ላከችለት። እሷ ደግሞ ፌስቡክ ላይ አወጣችው። ከሥሩ «አባቴ፣ ኑርልኝ» ብላ ጻፈች። ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት ከልጅ አይገኝም። እኔም በደስታ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ከፓስተራችን ነው።

«አባ ቶለሳ፣ ሰላም ነዎት? ቤት ሰላም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነን።»

«እንደው አንድ ፎቶ ልከውልኝ... ከፊትዎ ያለው ጠርሙስ ምንድን ነው?»

«የምን ጠርሙስ?»

«ቢራ ይመስላል።»

ጫልቱ ያደረገችውን እንደገባኝ አስረዳሁት። ሰማኝና «መልካም፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል» አለኝ። ያን ጊዜ እንዳላመነኝ ገባኝ። በር ላይ ስወጣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ «ኦቦ ቶለሳ፣ ቡሉኮው እንዴት ያምርብዎታል! እኛን ምነው ረሱን?» አለችኝ። የባጃጁ ልጅ «ሠርጉ እንዴት ነበር አባባ?» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሦስተኛው ሰው ሲጠይቀኝ መሳቁን ተውኩ።

እኩለ ቀን ገደማ ፈይሳ መጣ። «አካም ኦልተኒ» ብሎ ሰላም አላለኝም፣ ዱላውን ግድግዳው ላይ አላስደገፈም። ቆሞ ነው የጠየቀኝ።

«እሑድ የት ነበርክ?»

«ምን ማለትህ ነው? ቸርች አጠገቤ ተቀምጠህ አልነበር እንዴ? በክርኔ የቀሰቀስኩትስ ማንን ነው?»

«ከቸርች በኋላስ?»

«ቤቴ ነበርኩ። ምን ሆነሃል?»

የልጁን ስልክ ተውሶ ይዞ ኖሯል። አወጣው። መነጽሬን አደረግኩ። ፎቶውን አሁን ሙሉውን አየሁት። ድንኳን ነው። በእጄ ቢላዋ ይዣለሁ። ሳህኑ ላይ ጥሬ ሥጋ አለ። ፓስተሩ ያለው ጠርሙስም አለ። በቀኜ በኩል የተቀመጠውን ሰውም አየሁት። ኦቦ ቱሉ ነው። የቢቂላ አባት።

«ያለፈው እሑድ ጉደር፣ የቱሉ ወንድም ልጁን ድሯል» አለ ፈይሳ። «ሁንዴ ፎቶውን ሸነን ሆኖ አይቶታል። ትናንት ማታውኑ ለአባቱ ደውሏል። ዲንቃ ምን እንዳለ ልንገርህ? ቅዳሜ የለም። ቶለሳ ጨው በልቷል።»

ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት፤ ስልኩን፣ ኳስ ተጫዋቹን፣ ሙሽራዋን ሁሉ። ፈይሳ ሰማኝ። ከዚያ አጎንብሶ፣ በለሆሳስ እንዲህ አለኝ፦

«ቶሌ፣ እኛ ብቻችንን ነን። እውነቱን ንገረኝ። ሄደህ ነበር?»

እናንተ ዘንድ ይህ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደኝ ያ ጥያቄ ነው። ዲንቃ ባያምነኝ ልጁ የሞተበት ሰው ነው። ፈይሳ ግን ፈይሳ ነው።

«አልሄድኩም» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሺ አባባሉ የፓስተሩን ይመስል ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት አልተቀመጥኩም። ዲንቃ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጫልቱን ከሥራ አስጠራኋት፤ እያለቀሰች መጣች። ፌስቡኩን አጠፋችው። ግን የወጣ ወጥቷል፤ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለ። «የመጀመሪያውን ፎቶ ለሁንዴ ልላክለት፤ የሰውዬው እውነተኛ ፊት ያለበትን» አለችኝ። ላከችለት። ወዲያው መልሶ ደወለላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«እህቴ፣ የትኛው ነው ታዲያ መጀመሪያ የነበረው?» አለ ሁንዴ። ድምፁ የሰከነ ነው፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «አባትሽ የተቀመጠበት ላይ የሌላ ሰው ፊት ለጥፈሽ ብትልኪልኝስ በምን አውቃለሁ? ዛሬ የተያዘ ሰው ሁሉ ኤአይ ነው ይላል። ለተማሪዎቼም እንዲሁ ነው የምላቸው።»

«የሠርጉን ባለቤቶች ጠይቃቸዋ!»

«የገዳይን ወገን ምስክር አድርጌ?» አለና ዘጋው። ጫልቱ መልሳ ብትደውልም አላነሳም። ማታ የሰማነው ሁንዴ ከሸነን ተነስቶ ወደ አባቱ ቤት መምጣቱን ነው።

አጎቱ ቢቂላን እንዲያስጠብቀው እንዲነግር ፈይሳን ወደ ጉደር ላክነው። እኔና ጫልቱ አርብ ጠዋት ወደ ዲንቃ ሄድን። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ጣለን፤ ከዚያ በእግር ነው። እኔ በዝግታ የምራመድ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ጫልቱ «አባኮ ቀስ በል፣ ደም ግፊትህ» እያለች ከኋላዬ ነበር የምትከተለኝ። መንገድ ላይ እርጥብ ሣር ነጨሁ። ከመቸኮሌ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ።

ከአጥሩ ውጪ ያለው ግንድ ላይ ተቀመጥን። የዲንቃ ሚስት አዴ ሶሬቲ አየችን። ሰላምታ ሰጠን፤ መለሰችልን። ግን ግቡ አላለችም፤ ውሃም አላመጣችም። በዚያ ሁሉ ወራት ባሏ ሲያልፈን እንኳ እሷ ውሃ ሳትሰጠን ቀርታ አታውቅም ነበር።

ዲንቃ ከጓሮ መጣ። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ሲታይ ግን ይበልጠኛል። ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ጣፈጠ?» አለኝ።

«ዲንቃ፣ አልበላሁም።»

«ሁንዴ አሳይቶኝ በዓይኔ አየሁህ እኮ። ስትቆርጥ አየሁህ፤ ቢላዋ ስትይዝ አየሁህ። ልጄን ከመንገድ ሲያነሱት አላየሁም፤ አንተ ስትበላ ግን አየሁ።»

«ፊቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ፊትና ሰው ከመቼ ወዲህ ነው የተለያዩት?»

እውነቱን ለመናገር እስካሁንም መልሱን አላገኘሁትም። ያን ጊዜ ሁንዴ ከቤት ወጣ። ከአባቱ ኋላ እጁን አጣምሮ ቆመ። ጫልቱ ከግንዱ ተነሳች።

«ኦቦ ዲንቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጫወት ብዬ ነው። ማሎ፣ እዚሁ ፊትዎ ልሥራውና ይዩት።»

«የማንን ፊት ልትወስጂ?» አለ ሁንዴ። «የእኔን እንዳታስቢው።»

ዲንቃ ወደ ጫልቱ ዞረ። «የእኔን ውሰጂ» አለ። «የሚዋሽ ከሆነ በእኔ ላይ ይዋሽ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ለመታወቂያ ካልሆነ በቀር ፎቶ ተነስቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። አነሳችው። ግን ኔትወርክ የለም። ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳች፣ እየዞረች፣ ከቤቱ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣች። እኛ ከታች ቆመን እንጠብቃለን። ከላይ ድንገት ያ የሳሙና ዘፈን ጮኸ። ልጅ በሞተበት ግቢ፣ ሽማግሌ ሣር ይዞ በተቀመጠበት፣ «አረፋው! አረፋው!» የሚል ዘፈን! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አዴ ሶሬቲ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ታልቅስ ትሳቅ አላወቅኩም።

ጫልቱ ቀስ እያለች ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

«አባኮ፣ ይቅር» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሌላ ፎቶ አላወርድ አለኝ። ስልኬ ላይ የነበረው ያው አንዱ ብቻ ነው። ቸኩዬ ነካሁት...»

ገባኝ። የዲንቃን ፊት የወሰደው ያው ቡሉኮ ነው። ያው ድንኳን፣ ያው ሥጋ፣ ያው ቱሉ። የሟች አባት፣ ጉማ ሳይፈጸም፣ ከገዳይ አባት ጎን ተቀምጦ እየበላ። ይህን የሚያሳይ ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ ማውጣት ቀርቶ ማሰቡ ነውር ነው። «አጥፊው» ልላት አፌን ስከፍት ሁንዴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ቀማት። አየው። ደሙ ፊቱ ላይ ሲወጣ ይታይ ነበር። ሊወረውረው እጁን ሲያነሳ አባቱ «አምጣ!» አለ።

«አባ፣ አትየው።»

«አምጣ አልኩህ።»

ዲንቃ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው፤ ጥሬ እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው። አየ። በጣም ቆየ። እኔ ሣሬን መሬት ላይ አድርጌ ተነሳሁ፤ አለቀ ብዬ ነው። አዴ ሶሬቲ በትከሻው ላይ አጮለቀች። እሷ ናት መጀመሪያ የተናገረችው።

«ዲንቃ፣ ጥርስህ!»

ዲንቃ የፊት ጥርስ የለውም። በቅሎ ረግጣው ነው የወለቀው፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ቡሉኮ ለባሹ ሰውዬ ግን ፎቶ የተነሳው ሲስቅ ነበር፤ ስልኩም ዲንቃን አሳቀውና ሙሉ ጥርስ ደረደረለት። ነጭ በነጭ።

«በቅሎዋ ይቅርታ ጠይቃ መለሰችልህ እንዴ?» አለች ሶሬቲ። ከአፏ ያመለጣት ይመስለኛል። ወዲያው ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ አደረገች። ዲንቃ አልሳቀም። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ባዶውን ቦታ ነካ፤ ስልኩን አየ፤ እንደገና ነካ።

«ውሸታም ነው» አለ ስለ ስልኩ። ከዚያ እኔን ተመለከተኝ። «አልሄድክም።»

«አልሄድኩም።»

ወዲያው ዓይኑን መልሶ ስልኩ ላይ አደረገ። አሁን ግን ራሱን አይደለም የሚያየው።

«ይሄ ከጎኔ ያለው ማን ነው?»

ዲንቃ ፍርድ ቤት ሄዶ አያውቅም፤ የሄደው ሁንዴ ነው። ቱሉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ወጉም አይፈቅድም።

«አባቱ ነው» አልኩ።

«የልጁ?»

«ኤዬ፣ የቢቂላ።»

«ወፍራም ሰው መስሎኝ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ ወፍራም አድርጌ ነበር የማስበው።» ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ለምንድን ነው የማይበላው?»

ያን ጊዜ ሁላችንም ተጠጋን፤ ሁንዴም ጭምር። እውነት ነው። የቱሉ ሳህን ሙሉ ነው። ቢላዋው እንደተቀመጠ ነው። እጆቹን ጭኑ መሐል ከትቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ፎቶ አንሺው ሲያይ እሱ መሬት መሬት ያያል። የወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ! ይህን ፎቶ ፓስተሩ አይቶታል፣ ፈይሳ አይቶታል፣ ሁንዴ አይቶታል፣ እኔ ሌሊቱን በሙሉ አይቼዋለሁ። ሁላችንም ያየነው ውሸቱን ፊት ነው። እውነተኛው ፊት አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«እኔ ቤትም ለሚ ከሞተ ወዲህ ሥጋ አይበላም» አለች ሶሬቲ፣ ለማንም ሳይሆን።

ዲንቃ ስልኩን ለጫልቱ መለሰላት። «የእኔን ፊት ከዚያ አንሺው፤ የእሱን ተዪው» አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና «ፊቴ ሳልፈቅድ ሄዶ ተቀምጧል። ነገ እግሬ በፈቃዱ ይሂድ» አለኝ።

ሁንዴ «አባ!» ብሎ ጮኸ። «በስልክ ጨዋታ ነው እንዴ የለሚ ደም የሚያልቀው?»

«በስልክ አይደለም» አለ አባቱ። «የሚበላ ሰው ነበር የጠላሁት። አይበላም፤ አየኸው እኮ።»

ሁንዴ አጥሩን ዘሎ ሄደ። እኛም ወደ ቤት ስንመለስ ልቤ አላረፈም። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወጉ ወንዝ ዳር ስንሰበሰብ ዓይኔ ዲንቃን አልነበረም የሚፈልገው፤ ሁንዴን ነበር። የሟች ወገን ወዲህ፣ የገዳይ ወገን ወዲያ፣ እኛ መሐል። የእርቁ በግ ታረደ። ሁንዴ ዘግይቶ መጣ፤ ራቅ ብሎ ቆመ፤ እጁ ባዶ ነበር። ሌላውን ሥርዓት ሁሉ አልዘረዝርላችሁም። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ከአንድ ገበታ መብላቱ ላይ ሲደረስ ቱሉ እጁን አልዘረጋም። ዲንቃ ሥጋ ቆረጠ። ሁላችንም ወደ አፉ ሲወስደው ጠበቅን። አልወሰደውም። በገበታው ላይ ተንጠራርቶ ቱሉ አፍ ላይ አደረገው።

«ብላ» አለው። «ይበቃል፤ ብላ።»

ቱሉ ጎረሰ። ማኘክ አቅቶት ብዙ ቆየ። ሁንዴ ፊቱን አዞረ፤ ግን አልሄደም።

ስንበተን ጉደሮቹ መሐል አንድ ቡሉኮ የለበሰ ሰው እጄን ያዘኝ። የጊንጪ ሰው ነው፤ የሠርጉ ዘመድ። ያ የፎቶው አካል ባለቤት። «ሥጋውን የበላሁት እኔ፣ ስሙን ያተረፍከው አንተ!» ብሎኝ ተቃቀፍን።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ካለፈ ቆይቷል። ጫልቱ ያንን ፊት መለወጫ ከስልኳ አጥፍታዋለች፤ እኔ ግን አጥፊ አላልኳትም፤ ስንስቅ የነበረው ሳቅ እንዳይረክስብኝ ነው። ሰዎች «መልካም ሆነ እኮ፣ ስልኩ አስታረቀ» ይሉኛል። ስልኩ አላስታረቀም። ስልኩ ሊያጋድለን ነበር። ያስታረቀው አንድ ሰው፣ በውሸት መሐል ቁጭ ያለችውን እውነት ታግሶ እስኪያያት ድረስ ማየቱ ነው። ያንን ትዕግሥት እኔ ሽማግሌው አልነበረኝም።

የቀረብኝም ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም። ድሮ «አልሄድኩም» ስል ይበቃ ነበር። አሁን ከፈይሳ ጋር ስንገናኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣ የት ውዬ የት እንዳመሸሁ እነግረዋለሁ። «ትናንት ልጄ ጋ ነበርኩ፣ ከዚያ ቸርች...» እያልኩ። እሱ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ እኔም ከልቤ ምሬዋለሁ። ምላሴ ግን ገና አላመነም። ስልክ ባንጫረረ ቁጥር ዛሬ ደግሞ ፊቴ የት ሄዶ ይሆን እላለሁ።

በቅርቡ ሰፈራችን አንድ ፎቶ ይዞር ጀመር። ወይዘሮ ደብሪቱ ናት፤ ከማይሆን ሰው ጋር፣ በማይሆን ቦታ። ለእኔም አሳዩኝ። «አየሁ» አላልኩም፣ «አላየሁም» አላልኩም። ዱላዬን አነሳሁና ቤቷ ሄድኩ። በርበሬ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ደብሪቱ፣ ነበርሽ?» አልኳት።

«አልነበርኩም ኦቦ ቶለሳ» አለችና እንባዋ መጣ። «የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ፎቶው ሰፈሩን ሲዞር ሳምንት ሞልቶታል። ቤቷ ግን ከማንኛችንም ቤት ሩቅ አልነበረም።